ሁለት ሰረዝ፦ የጂፒኤስ ሪፖርቱን የማፍጠን ሥራ ማስታወሻ

ኅዳር 3፣ ረቡዕ

ጠዋት ቡናዬን ሳልጨርስ ስልክ ተደወለ። የማኅበሩ የስምሪት ኃላፊ ናቸው። እኔ ጋሼ ነው የምላቸው። «ልጄ፣ የዓመቱ ሪፖርት ዛሬም መሃል ላይ ቆመ» አሉኝ። ይህ ሦስተኛው ነው።

ነገሩን ከመነሻው ላስቀምጠው። ማኅበሩ አዳማ ላይ ቢሮ ያለው የጭነት መኪና ባለንብረቶች ማኅበር ነው። 90 ባለተሳቢ መኪኖች አሉት። ከጅቡቲ ወደብ ጭነው በጋላፊ ይገባሉ፤ በሚሌ፣ በአዋሽ፣ በመተሐራ አድርገው አዳማ ይደርሳሉ። ሁሉም ላይ ጂፒኤስ ተገጥሟል። መሣሪያው በየ30 ሰከንዱ አንድ መስመር ይልካል። መስመሩ ላይ ሰሌዳው፣ ሰዓቱ፣ ቦታው (በሁለት ዓምድ)፣ ፍጥነቱ፣ ሰልባቲዮ ውስጥ ያለው ናፍጣና የጭነቱ ሳጥን ሙቀት አለ። ይህን ሁሉ አንብቦ ሪፖርት የሚያወጣውን ፕሮግራም ከሦስት ዓመት በፊት ጃቫ በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

የአንድ ወር ሪፖርት 2 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ይወስዳል። ወር በወር ለሚያይ ሰው ይህ ችግር አይደለም። የ12 ወሩ ግን 26 ደቂቃ ይሆናል። የቢሮው ዩፒኤስ መብራት ከሄደ በኋላ የሚይዘው 15 ደቂቃ ነው። ሰሞኑን መብራት ሄድ መጣ እያለ ስለሆነ ሪፖርቱ ማለቅ አቅቶታል። ጋሼ አዲስ ኮምፒውተር እንግዛ ወይ ብለው ጠየቁኝ። መጀመሪያ እኔ ልየው አልኳቸው። ያ ገንዘብ የብዙ ሰው ላብ ነው። ኮዴን ሳልፈትሽ ግዙ ማለት አልፈለግኩም።

ኅዳር 4፣ ሐሙስ

የጥቅምትን ፋይል በፍላሽ ይዤ ቤት ገባሁ። ፋይሉ ወደ 600 ሜጋባይት ይሆናል።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ዲስኩን ነው። ፋይሉን ምንም ሳይሠራበት እንዲያው ከላይ እስከ ታች የሚያነብ ትንሽ ፕሮግራም ጻፍኩ። 6 ሰከንድ ፈጀ። ስለዚህ ዲስኩ ንጹሕ ነው። የቀረው ሁለት ደቂቃ ሌላ ቦታ እየሄደ ነው።

ቀጥዬ ፍላይት ሪኮርደርን አበራሁ። ከጃቫ 11 ጀምሮ ከነጻው ጄዲኬ (የጃቫ መሥሪያ ጥቅል) ጋር አብሮ የሚመጣ መቅጃ ነው። ፕሮግራሙ ሲሠራ ምን ላይ እንደሚቆይ፣ ስንት ነገር እንደሚፈጥር፣ ስንት ኤክሴፕሽን (ያልተለመደ ነገር ሲገጥም ፕሮግራሙ የሚያነሳው የችግር ምልክት) እንደሚወረወር ይመዘግባል። ሪፖርቱን አሠርቼ መዝገቡን ከፈትኩት። የተወረወሩ ኤክሴፕሽኖች ብዛት በሚለው ቦታ ከ9.6 ሚሊዮን በላይ ይላል።

መቅጃው ተሳስቶ ይሆን ብዬ ወረቀት አነሳሁ። በየ30 ሰከንዱ አንድ መስመር ማለት በቀን 2,880 መስመር ነው። የኛ ወር ደግሞ ለሒሳብ ደግ ነው፤ ሁሌም 30 ቀን። አንድ መኪና በወር 86,400 መስመር ይልካል። ሙቀት የሚለካ ሴንሰር ያላቸው ማቀዝቀዣ ያላቸው 8 መኪኖች ብቻ ናቸው። የቀሩት 82 መኪኖች በሙቀቱ ቦታ ሁለት ሰረዝ (--) ይልካሉ። የናፍጣ ሴንሰር ያልተገጠመላቸው ወይም የተበላሸባቸው ደግሞ 31 ናቸው። እነሱም በናፍጣው ቦታ ሁለት ሰረዝ ይልካሉ። 82 እና 31 ሲደመር 113፤ በ86,400 ሲባዛ 9,763,200። መቅጃው ልክ ነው። ትንሿ ልዩነት ጋራዥ ገብተው መሣሪያቸው የጠፋ መኪኖች ናት።

ኮዱን አውጥቼ አየሁት። አምስት መስመር ያላት ፈንክሽን ናት። በትራይ («ሞክር» በሚለው ክፍል) ውስጥ ጽሑፉን ወደ ቁጥር ለመቀየር ትሞክራለች። ጽሑፉ ቁጥር ካልሆነ ጃቫ «ይህ ቁጥር አይደለም» የሚል ኤክሴፕሽን ይወረውራል። ካች (ትራይ ውስጥ የተወረወረውን የሚይዘው ክፍል) ይቀልበዋል። ከዚያ ዜሮ ይመልሳል። ስጽፋት ሁለት ደቂቃ አልፈጀችብኝም። በወር 9.6 ሚሊዮን ጊዜ የምትወረውረውና የምትቀልበው እሷ ናት።

ኅዳር 5፣ ዓርብ

ቅዳሜ ቅዳሜ አብሮኝ የሚሠራ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አለ። ማታ ደውዬ ነገርኩት። «ትራዩን ከሉፑ አውጣው እንጂ። ትራይ ሉፕ ውስጥ ከባድ ነው ተብለን ተምረናል» አለኝ። ሉፕ ማለት ለእያንዳንዱ መስመር የሚደጋገመው ኮድ ነው። እኔም ጀማሪ ሳለሁ እንዲሁ ተብያለሁ። ብዙ ሰው ያምነዋል። ስለዚህ ዝም ብዬ ከማለፍ ለካሁት።

የፋይሉን ቅጂ ወስጄ ሁለት ሰረዝ ያለበትን ሁሉ በቁጥር ተካሁት። አሁን ምንም የሚወረወር ነገር የለም። በትራዩ አስሮጥኩት፤ 25.2 ሰከንድ። ትራዩን ጨርሶ አጠፋሁት፤ 25.0 ሰከንድ። አምስት አምስት ጊዜ ደጋግሜ መሃለኛውን ነው የወሰድኩት፤ ጃቫ ኮዱን እየሮጠ ስለሚያሻሽለው የመጀመሪያው ልኬት አይታመንም። ልዩነቱ ከምንም አይቆጠርም።

ለምን እንደሆነ ማየት ይቻላል። ጃቫ ኮዳችንን ወደ ራሱ ትእዛዞች ሲቀይረው ለትራይ የሚሆን አንድም ትእዛዝ አይጨምርም። ከፈንክሽኑ ግርጌ ትንሽ ሠንጠረዥ ያስቀምጣል። «ከዚህ መስመር እስከዚህ መስመር ባለው ውስጥ እንዲህ ያለ ኤክሴፕሽን ከመጣ ወደዚህ ሂድ» ይላል። አራት ዓምድ ነው፤ መነሻ፣ መድረሻ፣ የሚኬድበት ቦታና ዓይነት። ችግር ካልተፈጠረ ሠንጠረዡን የሚያየው የለም። ዳር ላይ እንደተሰቀለ የእሳት ማጥፊያ ማለት ነው፤ እሳት እስኪነሳ ቦታ ከመያዝ ውጭ የሚያስከፍለው የለም።

ሌሎቹም ቋንቋዎች ወደዚሁ መጥተዋል። ሲ ፕላስ ፕላስ በአብዛኞቹ የዛሬ ኮምፓይለሮች (ኮድን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይሩ ፕሮግራሞች) በሠንጠረዥ ነው የሚሠራው። በድሮው መንገድ ግን ትራይ በገባህ ቁጥር የመመለሻ ቦታ ይመዘገባል፤ ምንም ባይወረወርም ትከፍላለህ። ፓይተንም እስከ 3.10 ቅጂው ድረስ ትራይ ሲገባ አንድ ተጨማሪ ትእዛዝ ነበረው። በ2022 በፈረንጆቹ የወጣው 3.11 ወደ ሠንጠረዥ ቀየረው።

ለልጁ ውጤቱን በስልኬ አንስቼ ላኩለት። የተማረው ነገር ከየት እንደመጣ አሁን ግልጽ ነው፤ የአንድ ዘመን እውነት ነበር።

ስለዚህ ዋጋው ያለው ትራይ ላይ አይደለም፤ ውርወራው ላይ ነው።

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ

ዛሬ ልጁ መጣ። ቀኑን ሙሉ አንድ ጥያቄ ላይ ተቀመጥን፤ አንድ ውርወራ ስንት ያስከፍላል?

መጀመሪያ ሌላ ምንም የሌለበት ትንሽ ፕሮግራም ጻፍን። ሁለት ሰረዝ እየሰጠ አሥር ሚሊዮን ጊዜ ያስወረውራል። አንዱ ውርወራ 1.4 ማይክሮ ሰከንድ ሆነ፤ የሰከንድ ሚሊዮንኛ ማለት ነው። ልጁ አባዛውና «14 ሰከንድ ነው እኮ። ያንተ መቶ ምናምን ሰከንድ ከየት መጣ?» አለ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው።

መልሱ የተገኘው ከጥሪው ጥልቀት ነው። ጃቫ ኤክሴፕሽን ሲፈጥር ዱካ ይሰበስባል። ማን ማንን ጠርቶ፣ እሱስ ማንን ጠርቶ እዚህ እንደተደረሰ ከታች እስከ ላይ ይመዘግባል። ስህተት ሲፈጠር በሎግ (በፕሮግራሙ የሥራ መዝገብ) ላይ የምናየው ያ ረጅም ዝርዝር እሱ ነው። ትንሿ ፕሮግራማችን ውስጥ ዱካው 6 እርከን ብቻ ነው። የማኅበሩ ፕሮግራም ግን በድረ ገጽ በኩል ነው የሚታዘዘው። ጋሼ ቁልፉን ሲጫኑ ጥያቄው በሰርቨሩ፣ በማጣሪያዎቹ፣ በፍሬምወርኩና በስትሪሙ፣ በብዙ የተደራረቡ የኮድ ክፍሎች አልፎ ነው እኔ ፈንክሽን ጋ የሚደርሰው። ቆጠርነው። 70 እርከን።

ትንሿን ፕሮግራም ሆን ብለን ጥልቅ አደረግናት። ራሷን እየጠራች ወርዳ ወርዳ እንድትወረውር። በ6 እርከን 1.4 ማይክሮ ሰከንድ፣ በ20 እርከን 3.5፣ በ70 እርከን 11 ሆነ። 11 በ9.6 ሚሊዮን ሲባዛ ወደ 106 ሰከንድ ይመጣል። ንጹሑ ሥራ 25 ሰከንድ ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 131 ሰከንድ፤ 2 ደቂቃ ከ11። ጋሼ የሚጠብቁት ሰዓት ከነሽርፍራፊው ተገኘ።

ይህን ሳይ ደስ አለኝ። ሒሳቡ እንዲህ ሲገጥም የማያስደስተው ፕሮግራመር ያለ አይመስለኝም። ልጁ ወረቀቷን ማስታወሻ ደብተሩ ውስጥ አስገባት።

አንድ ነገር ልብ አልን። ያ ሁሉ ዱካ ተሰብስቦ ማንም አያነበውም። ካቹ ወዲያው ይጥለዋል። እያንዳንዱ መስመር ሲሄድ አንድ ሰው ከጋላፊ እስከ አዳማ ያለፈበትን ኬላ ሁሉ ጽፎ፣ ማኅተም አስመትቶ፣ ወረቀቱን በር ላይ እንደመቅደድ ነው። ይህ ደግሞ በወር 9.6 ሚሊዮን ጊዜ።

ኅዳር 8፣ ሰኞ

ዱካውን መከልከል ይቻላል። ከጃቫ 7 ጀምሮ የራስህን ኤክሴፕሽን ስትሠራ «ዱካ አትሰብስብ» ማለት ትችላለህ። ከጃቫ ጋር ተዘጋጅተው የሚመጡትን ኤክሴፕሽኖች ግን እንዲህ ማድረግ አትችልም። ሁሉንም ዱካ በአንድ ጊዜ የሚያጠፋ የጃቫ ማስጀመሪያ አማራጭ አለ፤ እሱን አልነካሁትም። የእውነተኛ ስህተትን ዱካ ሁሉ አብሮ ይወስዳል።

የራሴን ሠራሁ። ጽሑፉ ሁለት ሰረዝ መሆኑን አይቶ ዱካ የሌለው ኤክሴፕሽን የሚወረውር። 34 ሰከንድ ሆነ። ከ131 ወደ 34! ማታ ለጋሼ ደውዬ ልነግራቸው ስልኬን አነሳሁ። ቁጥራቸውን እየፈለግኩ ሳለ ኮዱ ስክሪኑ ላይ ነበር። አንድ መስመር ላይ ዓይኔ ቀረ። «ሁለት ሰረዝ ከሆነ፣ ወርውር።»

ሁለት ሰረዝ መሆኑን አውቄዋለሁ። በእጄ ይዤዋለሁ። ታዲያ ለምንድነው የምወረውረው? ሦስት መስመር ዝቅ ብሎ ራሴው ልቀልበው?

ስልኩን አስቀመጥኩ።

ኅዳር 10፣ ረቡዕ

ዛሬ ቢሮ ሄድኩ። ሌላ ነገር ፍለጋ ነበር፤ የሰርቨሩ ሎግ ውስጥ ሌላ ዓይነት ኤክሴፕሽንም አይቼ ነበርና። «ከድርድሩ ውጭ የሆነ ቦታ ተጠየቀ» የሚለው። ድርድር ማለት በተራ ቁጥር የተደረደሩ ነገሮች ዝርዝር ነው። በወር ወደ 40 ሺህ ገደማ ነው። ከ9.6 ሚሊዮኑ አንጻር ትንሽ ናት። ግን ይህኛው ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር።

የሎጉን መጨረሻ ስከፍት የኤክሴፕሽኑ ስም ብቻ አለ። ዱካ የለም፣ የመስመር ቁጥር የለም፣ መልእክት የለም። ስም፣ ስም፣ ስም፣ ገጽ ሙሉ። ይህ ብዙ ሰው ያደናገረ ነገር ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልጻፈው። ጃቫ አንድ ቦታ ላይ ራሱ የሚያመጣው ኤክሴፕሽን ሲደጋገምበት፣ ያንን ኮድ አጥብቆ ሲያሻሽል አስቀድሞ የተዘጋጀ፣ ዱካ የሌለው አንድ ኤክሴፕሽን ይተካበታል። በባዶ ማጣቀሻ፣ በዜሮ ማካፈል፣ ከድርድር ውጭ መውጣት ሲፈጠር ነው ይህን የሚያደርገው። ለፍጥነት ብሎ ነው። ስለዚህ ዱካው ያለው ሎጉ መጀመሪያ ላይ ነው። ወደ ላይ፣ ሰርቨሩ ወደተነሳበት ሰዓት ሄድኩ። እዚያ ሙሉው ዱካ ቁጭ ብሏል። «ቦታ 6 ተጠየቀ፣ ርዝመቱ 6 ነው» ይላል። መቁጠር ከዜሮ ስለሚጀምር ቦታ 6 ማለት ሰባተኛው ነው። ማለትም ሰባት ዓምድ ሊኖረው የሚገባ መስመር ስድስት ብቻ ነው ያለው።

መስመሮቹን በዓይኔ አየኋቸው። ዓምዳቸው ሙሉ ነው! መሣሪያው ጠፍቶ ሲነሳ ለጥቂት ጊዜ በሙቀቱ ቦታ ሁለት ሰረዝ እንኳን አይልክም፤ ባዶ ይተዋል። መስመሩ በኮማ ያልቃል። ጃቫ መስመርን በኮማ ሲቆርጥ ደግሞ መጨረሻ ላይ ያሉ ባዶ ክፍሎችን ይጥላል። ካልፈለግክ በግልጽ ንገረው ነው ደንቡ፤ ስትቆርጥ ኔጋቲቭ አንድ ጨምርበት። ለሦስት ዓመት አልነገርኩትም።

ጋሼ ሻይ አስመጡልኝ። ነፋሱ ግቢው ውስጥ አቧራ እያነሳ ነበር፤ መስኮቱን ዘጋነው። «ተገኘ?» አሉ። «አንዷ ተገኘች» አልኳቸው።

ኅዳር 12፣ ዓርብ

የኅዳር ሚካኤል። ሠፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን አቃጥሎ ጭሱ ቤት ውስጥ ገብቷል። በር ዘግቼ ተቀመጥኩ።

ዛሬ ውርወራውን አስወገድኩት። መጀመሪያ ያሰብኩት ጽሑፉ የቁጥር መልክ እንዳለው በሬጌክስ (የጽሑፍን ቅርጽ በሚፈትሽ ቀመር) ማረጋገጥ ነበር። 42 ሰከንድ ወጣ። በየመስመሩ ሬጌክሱን እንደ አዲስ እያዘጋጀ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ እንዲዘጋጅ ሳደርገው 31 ሆነ። አሁንም ብዙ ነው። የሚፈለገው እኮ ቀላል ነገር ነው። ርዝመቱ ዜሮ ነው? የለም ማለት ነው። ርዝመቱ ሁለት ሆኖ ሁለቱም ሰረዝ ነው? የለም ማለት ነው። ሌላው ወደ ቁጥር ይቀየር። 25 ሰከንድ።

በነገራችን ላይ ሲ ሻርፕ የተባለው ቋንቋ ሰዎች እዚህ ላይ ቀድመውናል። «ሞክረህ ቀይር» የሚል፣ ካልሆነ ሳይወረውር «አልሆነም» ብሎ የሚመልስ ፈንክሽን በ2005 በፈረንጆቹ ለሁሉም የቁጥር ዓይነት አስገብተውላቸዋል። ጃቫ ለእንዲህ ያለ ቁጥር የራሱ የለውም፤ ራሳችን እንጽፋለን።

የለም የሚለውን በምን እንመልስ? ዜሮ አልኩ መጀመሪያ፤ እንደ በፊቱ። ከዚያ ደግሞ ናን ቢሆን ይሻላል ብዬ አሰብኩ። «ቁጥር ያልሆነ» የሚለው ልዩ ቁጥር ነው። ከዚያ አዲሱን ሪፖርት ከአሮጌው ጎን ለጎን አስቀመጥኩ። ፍጥነት ብቻ ነው የነካሁት፤ ቁጥሮቹ አንድ መሆን አለባቸው።

አንድ አልሆኑም። የናፍጣ አማካዩ ለብዙ መኪና ናን ሆኗል። ይህ ይገባኛል፤ ናን የገባበት ድምር ሁሉ ናን ይሆናል። አማካይ ስናወጣ የሌለውን እንዲዘል አስተካከልኩት። ሁለተኛው ልዩነት ግን አስደነገጠኝ። አሮጌው ሪፖርት በጥቅምት 214 «ናፍጣ በድንገት ጎድሏል» የሚል ማስጠንቀቂያ አለው። አዲሱ 9 ብቻ አለው።

አዲሱን ኮድ ጠረጠርኩ። አንድ ሰዓት ሙሉ ስህተቴን እዚያ ፈለግኩ። በመጨረሻ አንዱን ማስጠንቀቂያ መርጬ ጥሬ መስመሮቹን አወጣኋቸው። ተከታታይ አምስት መስመር ናቸው፤ የናፍጣውን ዓምድ ብቻ ልጻፍ።

212.5
211.9
--
--
211.4

መኪናው እየሄደ ነው። ናፍጣው በመደበኛው እየቀነሰ ነው። ሴንሰሩ ለአንድ ደቂቃ ጠፍቶ ተመልሷል። በቃ። አሮጌው ፕሮግራም ግን ሁለቱን ሰረዞች ዜሮ አድርጎ አነበባቸው። 211.9 ወደ 0 ወረደ። ለአንድ ጊዜ ብቻ ቢሆን እንዳይታመን ብዬ ሁለት ተከታታይ ንባብ ዝቅ ሲል ብቻ እንዲያስጠነቅቅ አድርጌ ነበር። ሁለት ሰረዝ ሁለቴ መጣ። «211.9 ሊትር ናፍጣ ጎድሏል።»

ያ ማስጠንቀቂያ ቢሮ ይደርሳል። ቢሮው ሾፌሩን ይጠይቃል። ናፍጣ ከመኪናው ቀድቶ መውሰድ በዚህ ሥራ ውስጥ ከባድ ክስ ነው።

ዛሬ ከዚህ በላይ መጻፍ አልቻልኩም።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ

ጠዋት ለጋሼ ደውዬ ነገርኳቸው። ዝም አሉ። ከዚያ «የመኪናውን ሰሌዳ ንገረኝ» አሉ። ነገርኳቸው። «ሰውየው ዛሬ እዚህ ነው ያደረው። ና» አሉኝ።

ሾፌሩ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። መኪናቸው ጥላ ስር ረዳታቸው ሻይ እያፈላላቸው ነበር። ራሴን አስተዋወቅኩ። ፕሮግራሙን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ተሳስቷል፣ እርስዎ ናፍጣ አልቀዱም አልኳቸው። ትንሽ አዩኝ።

«እኔ እኮ ነግሬያቸዋለሁ» አሉ። «ሽቦው ኮረኮንች ላይ ሲነቃነቅ ይጠፋል። አስፋልት ላይ ሲረጋ ይመጣል። ጎዶሎ ቢሆን ኖሮ በ200 ሊትር ጎዶሎ አዳማ እገባ ነበር ወይ?»

ልክ ናቸው። ይህን ማንም ሰው በሁለት ደቂቃ ሊያጣራው ይችል ነበር። እኔም ልጽፈው እችል ነበር፤ የጎደለ ናፍጣ ከማደያ ውጭ ተመልሶ አይሞላም። ይቅርታ ጠየቅኳቸው። «አንተ አይደለህም፤ ሰረዙ ነው» ብለው ረዳቱን ለእኔም ብርጭቆ አስመጡት። እኔ ግን ሰረዙ ምንም አላደረገም እላለሁ። ሰረዙ እውነቱን ነው የተናገረው፤ አላውቅም ነው ያለው። «ዜሮ ነው» ያልኩት እኔ ነኝ፤ ካች ውስጥ።

ቢሮ ተመልሰን ከጋሼ ጋር የዓመቱን ማስጠንቀቂያዎች አንድ በአንድ ልናጣራ ተስማማን። ገንዘብ የተቆረጠበት ሾፌር ካለ ይመለስለታል አሉ። በጽሑፍ እንዲሆን ጠየቅኳቸው፤ ደብዳቤውን እዚያው አስጻፉ።

ኅዳር 15፣ ሰኞ

ጾሙ ዛሬ ገባ።

ሁለት ቀን ይህን ነገር ሳብሰለስል ሰነበትኩ። በተለይ አንድ ታሪክ አልለቀቀኝም። በፈረንጆቹ ሰኔ 4 ቀን 1996 አውሮፓውያን አሪያን 5 የተባለውን ሮኬት ለመጀመሪያ ጊዜ ፈረንሳይ ጊያና ካለው ኩሩ ከሚባለው ማስወንጨፊያ አስወነጨፉ። ወደ 40 ሰከንድ ገደማ ላይ በአየር ላይ ፈረሰ። ምክንያቱ አንድ የቁጥር ቅየራ ነው። ትልቅ ቁጥር 16 ቢት ቦታ ውስጥ አልገባም፤ ኤክሴፕሽን ተነሳ፤ የሚቀልበው አልነበረም። መርማሪዎቹ እንደጻፉት አደጋ ሊያመጡ የሚችሉ ሰባት ቅየራዎች ነበሩ። አራቱ ጥበቃ ተደርጎላቸዋል፤ ሦስቱ ሳይጠበቁ ቀርተዋል። ለምን? የኮምፒውተሩ ጫና ከ80 በመቶ እንዳያልፍ ታስቦ ነው። ያ ኮድ ከአሪያን 4 የመጣ ነው። በአሪያን 4 ላይ ቁጥሩ ያን ያህል ትልቅ አይሆንም ነበር።

እነሱ ፍጥነት ለመቆጠብ ብለው መያዝ ያለበትን ሳይዙ ቀሩ። እኔ ደግሞ መያዝ የሌለበትን እየያዝኩ ዜሮ አልኩት። ሁለቱም ላይ ጥያቄው አንድ ነው። ይህ ነገር ሲመጣ ምን ማለቱ ነው? እሱን መጀመሪያ መልሼ ቢሆን ኖሮ ፍጥነቱም አብሮ ይመጣ ነበር።

ስለዚህ ዛሬ ሙሉውን እንደ አዲስ ጻፍኩት። ሁለት ሰረዝና ባዶ ቦታ ስህተት አይደሉም። የዘወትር ነገር ናቸው፤ «የለም» ተብለው ይመዘገባሉ። ሪፖርቱ ላይም «ሴንሰር ያልነበረበት ሰዓት» የሚል አዲስ ዓምድ ገባ። ጋሼ ያን ዓምድ ወደዱት፤ የትኛው ሽቦ ጋራዥ መግባት እንዳለበት ይነግራቸዋል። ከዚህ ውጭ የመጣ፣ ቁጥርም ሁለት ሰረዝም ያልሆነ ጽሑፍ ግን እንደ ድሮው ኤክሴፕሽን ይወረውራል። ዱካው ሙሉ ነው። አልከለከልኩትም። እንዲህ ያለው ብርቅ መሆን አለበት፤ ሲመጣ 11 ማይክሮ ሰከንድ ቢበላ አይቆጨኝም። ካቹ ዜሮ አይመልስም። መስመሩን ከነቁጥሩ ለብቻው ፋይል ላይ ይጽፋል። 1,000 ከሞላ ሥራውን ያቆማል።

ልጁ «ፓይተን ላይ ግን ኤክሴፕሽን ለተራ ነገርም ይወረወራል፤ ሉፕ ራሱ የሚያልቀው በኤክሴፕሽን ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። ቋንቋው ከመጀመሪያው እንዲህ ተብሎ ነው የተሠራው፤ እዚያ የለመደ ሰው ጃቫ ላይ ሲመጣ ያንኑ ይዞ ይመጣል። የቤት ልማድ ሌላ ቤት ሁሌ አይሠራም። ፓይተን ላይም ቢሆን በየመስመሩ ሁለት ሰረዝ ካለ ቀድሞ ማየቱ ይፈጥናል። ነገ ለክተህ አሳየኝ አልኩት።

ኅዳር 17፣ ረቡዕ

የ12 ወሩን ሪፖርት ዛሬ ጠዋት ቢሮ ሄጄ አስሮጥኩት። በ5 ደቂቃ ተኩል ያልቃል ብዬ ነበር የጠበቅኩት። 11 ወር ሄዶ 12ኛው ላይ ቆመ።

ጋሼ ከኋላዬ ቆመው ነበር። «ደግሞ ምን ሆነ?» አሉ። ፋይሉን ከፈትኩ። 1,000 መስመር ተጽፎበታል፤ ከነመስመር ቁጥሩ፣ ከነሰሌዳው። ስድስት ሰሌዳ ናቸው። ሁሉም በናፍጣው ቦታ ላይ አዲስ ነገር ልከዋል፤ «ኤንኤ» የሚል። «ስድስቱ ላይ ባለፈው ሳምንት አዲስ መሣሪያ አስገጥመናል» አሉ ጋሼ። አዲሱ መሣሪያ ሁለት ሰረዝ አይልክም። የለም ማለት ሲፈልግ እንዲህ ነው የሚጽፈው።

ወንበሩን ሳብ አድርጌ ተቀመጥኩ። አሮጌው ፕሮግራም ቢሆን ኖሮ ስድስቱንም ዜሮ ብሎ ያልፋቸው ነበር፤ እና ነገ ስድስት ሾፌር ይጠራ ነበር። ለመሣሪያው ሻጭ ደውለን ትርጉሙን አረጋገጥን። ከዚያ «የለም» የሚባሉት ዝርዝር ውስጥ አንድ መስመር ጨመርኩ።

እንደገና አስሮጥኩት። መሃል ላይ መብራት ሄደ። ዩፒኤሱ ጮኸ። ጋሼ ሰዓታቸውን አዩ፤ እኔ ስክሪኑን። 5 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ ላይ አለቀ። ጋሼ ሪፖርቱን በፍላሽ ገልብጠው ኪሳቸው ከተቱና ለሾፌሮቹ የሚመለሰውን ገንዘብ ዝርዝር ይዘው ወደ ሒሳብ ክፍል ሄዱ።